ለሁለተኛው ደም ያቆየሁት ክንድ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ከምነግራችሁ ውስጥ የተዛነፈ ነገር ብታገኙ ውሸታም ብላችሁ አትያዙኝ፤ እርጅና ነው። ወሩን ከወር፣ የመጀመሪያውን የጭንብል ዓመት ከሁለተኛው ላምታታ እችላለሁ። ዝናብ ነበር ብዬ የጻፍኩትን ቀን መልሼ ሳስበው አቧራ ሆኖ አግኝቼ ሰርዤዋለሁ፤ ከሰረዝኩት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ቀንና አየር ላይ አትመኑኝ። ሰው ላይ ግን እመኑኝ። ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀን ይረሳል እንጂ ፊት አይረሳም።

ማስታወስ የጭንቅላት ሥራ ይመስለን ነበር። ጭንቅላቱ የረሳውን እግር ያስታውሳል፤ ሰው ቤት ከቀየረ በኋላ እንኳ እግሩ ወደ ድሮው ሰፈር ሲወስደው አይታችኋል። እጅም ያስታውሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ያሉት አበው ስለ ቂም የተናገሩ መስሎኝ ነው ያደግሁት። ደምም የራሱ ትዝታ እንዳለው የሰማሁት በስተርጅና ነው። የነገረችኝም አንዲት ልጅ ናት። ነገሩ የእሷ ነገር ነው።

እኔ ይመር እባላለሁ። ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በር ጠባቂ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ቢሆንም ጽሑፍ አያስቸግረኝም። ጠባዬን ከጠየቃችሁ ቁልፍ ቆልፌ ሦስት ጊዜ የምሞክር፣ ከዚያ መንገድ ጀምሬ ተመልሼ አራተኛ የምሞክር ሰው ነኝ። ለበር ጥበቃ ይህ በሽታ ሳይሆን ሙያ ነው።

የእኛ በር ደግሞ እንደ ሌላው በር አይደለም። በገበያ ቀን የወረዳችን የሀብሩ ገበሬ መርሳ ሲወርድ በዚያው ሊታከም ይመጣል። ዱላውን፣ ጆንያውን፣ እግሯ የታሰረ ዶሮውን ይዞ ክፍል መግባት ስለማይችል እኔ ዘንድ ያስቀምጣል። ወረቀት አይሰጥም፤ ምልክት አይደረግም። ሰው ሲወጣ ፊቱን አይቼ ዕቃውን አነሳለታለሁ። አንዳንዱ በሽታው ከፍቶ ወልድያ ይላካል፤ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ዱላውን ከጥግ አውጥቼ ስሰጠው ያለቅሳል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። እስካሁን የጠፋብኝ አንድ ዶሮ ነው፤ እሱም እግሩ ላልቶ ታስሮ ነበር።

ኮሮና የመጣ ጊዜ በሬ ተለወጠ። ከጎኔ ባልዲና ሳሙና ቆመ፤ እጄ ላይ ግንባር ላይ የሚደገን ሙቀት መለኪያ ተሰጠኝ። እጅ ተሳስሞ፣ የከብቱን የልጁን ደኅንነት ተጠያይቆ የማይጠግብ የወሎ ሰው ላይ ክንዴን ዘርግቼ «አትቅረብ» ማለት ጀመርኩ። አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ግንባራቸው ላይ ስደግንባቸው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «ምን በደልኩህ ይመር?» አሉኝ። ሙቀታቸው ደህና ነበር። የእኔ ፊት ግን ቀኑን ሙሉ ሲያተኩስ ዋለ።

በዚያ ሰሞን ነው ከምሕረት ጋር የተወዳጀነው። ምሕረት የላቦራቶሪ ባለሙያችን ነበረች። አባቷ ወልድያ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ዘራቸው ከትግራይ የሆነ፣ እሷ ግን ወልድያ ተወልዳ ወልድያ ያደገች ናት። የላቦራቶሪው መስኮት ከእኔ መቀመጫ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ስትመጣ የወልድያ ዳቦ ታመጣልኛለች። ሰው መራራቅ አለበት ሲባል ዳቦውን ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፤ እኔ ሄጄ አነሳለሁ። እንዲህ ተራርቀን እያወራን ቁርስ የበላንበት ጊዜ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆቼ ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግረዋል፤ የልጆቼ እናት በሽታው ሳይመጣ ቀደም ብላ አልፋለች። ሴት ልጅ አልነበረኝም። አላህ በስተርጅና በሚኒባስ ላከልኝ።

አንድ ቀን ጥናት የሚሠሩ ሰዎች መጡ ተባለ። በጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ኮሮና ይዞት ይሆን፣ ይዞት ከሆነም ደሙ ምን ይዞ ቀርቷል የሚለውን ሊያዩ ነው። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ አዋላጇም ደም ሰጡ። ቀጥሎ የጽዳት ሠራተኛችን ዘሃራ ተጠራች፤ ቀጥሎ እኔ። ዘሃራ ምላሷ ከመጥረጊያዋ የበለጠ የሚሠራ ሴት ናት። መዝገቡ ላይ ስሜ «የጤና ሠራተኞች» ከሚለው ሥር መጻፉን ከሰማች ወዲህ አላስቀመጠችኝም።

«አያ ይመር፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ሐኪም ሆንክ። በል ወገቤን እየው።»

«መጀመሪያ ካርድ አውጪ» አልኳት።

ደሜን የቀዳችው ምሕረት ናት፤ ከቀኝ ክንዴ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጡት ማጥባት ሥዕል እያየሁ አለቀልኝ። ብልቃጡ ላይ ስም አይጻፍም አሉ፤ በስም ፈንታ ቁጥር ያለበት ትንሽ ካርድ ተሰጠን። ቁጥሬን አልነግራችሁም። ከስድስት ወር በኋላ ሁለተኛ ደም ስለሚወሰድ ካርዱ እንዳይጠፋ ተባልን። ብልቃጦቹ በበረዶ ሳጥን ሆነው ወደ ወልድያ ሲሄዱ ምሕረት ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጠች። ሾፌሩን ጠጋ ብዬ «ልጅ የታቀፈች ናት ብለህ ንዳ» አልኩት። እሱም ሳጥኑን አይቶ «ስንት ወሩ ነው?» አለኝ።

ውጤቱ ከስንት ሳምንት በኋላ እንደመጣ እንጃ። ምሕረት በመስኮቷ ብቅ ብላ «ጋሽ ይመር፣ አንቲቦዲ ተገኝቶብዎታል» አለችኝ። የተገኘብኝ የሰው ዕቃ ይመስል ኪሴን ዳበስኩ።

«ይገድላል?»

«ኧረ አይገድልም። በሽታው ይዞዎት ነበር፤ አልፏል። ሰውነትዎ የተከላከለበት መሣሪያ ነው ደሙ ላይ የታየው።»

እኔ አልታመምኩም ልል ስል ዘሃራ ከኋላዬ ደረሰች። «ያኔ በረኪና እግርህ ሥር ደፍቼ ሁሉም ሲያስነጥስ አንተ ምንም አልሸተተኝም አላልክም?» አለች። እውነቷን ነው። ሳምንት ሙሉ ወጥም በረኪናም አንድ ሆኖብኝ ነበር። ያን ጊዜ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። እርጅና ለስንቱ ተጠያቂ ይሆናል!

«ካለፈ በኋላ መሣሪያ ማምጣት ምን ይሠራል?» አለች ዘሃራ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኮ ነው።»

ምሕረት ሳቀችና «ውሻው ግን የጅቡን መልክ ያዘ» አለች። ከዚያ ወጥታ፣ ሁለት እርምጃዋን ጠብቃ፣ ለሁለታችን አስረዳችን። እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ ጥፋት ካለው የእኔ ነው። ጅብ መጣ ሲባል መንደሩ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ አንቲቦዲ ማለት ያ ዱላ ነው። ጅቡ ሲሄድ ሰው ወደየቤቱ ይገባል፤ ዱላውም ከደጅ እያነሰ ይሄዳል። ከስድስት ወር በኋላ ደሙ ቢታይ ዱላው ጥቂት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ታዲያ ከንቱ ነዋ» አልኩ እኔ። አይደለም አለች። በሰውነታችን ውስጥ ቢ ሴል የሚባሉ አሉ፤ ከእነሱ ጥቂቶቹ የጅቡን መልክ ይዘው ይቀራሉ። ዱላ አይዙም፤ ማስታወስ ነው ሥራቸው። ጅቡ ዞሮ ሲመጣ ገና ከሩቅ ያውቁታል፤ በእነሱ ጩኸት መንደሩ ከበፊቱ ፈጥኖ፣ ከበፊቱ የበለጠ ዱላ ይዞ ይወጣል።

«የት ነው የሚቀመጡት?» አልኳት።

«በንፍፊት አካባቢ፣ በጣፊያ፤ መተላለፊያ መተላለፊያው ላይ።»

«ይተኛሉ?»

ከጭንብሏ በላይ ዓይኖቿ ሳቁ። «እንደ አንቱ ናቸው ጋሽ ይመር። ተቀምጠው።»

ይህን ሰምቼ እንዴት እንደኮራሁ አልደብቃችሁም። በውስጤ የእኔው ብጤ በረኛ ተቀምጧል። «እኛ ማወቅ የፈለግነው» አለች፣ «ዱላው ሲያንስ እሱ እስከ መቼ ያስታውሳል የሚለውን ነው። ለዚያ ነው ሁለተኛው ደም። ሌላው ሠራተኛ ይዛወራል፤ አንቱ ግን አይጠፉም።»

«የት እጠፋለሁ?» አልኳት።

የጠፋችው እሷ ናት።

ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ። የምታውቁትን አልነግራችሁም፤ የማታውቁትንም ብነግራችሁ ምን ይረባችኋል። ስድስቱ ወር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይመስለኛል፣ አባቷ ሱቃቸውን ቆለፉ፤ ቤተሰቡ ከወልድያ ሊወጣ ነው ተባለ። በመጨረሻው ጠዋት ምሕረት መጣች። ዳቦውን ድንጋዩ ላይ አላስቀመጠችውም፤ በእጄ ሰጠችኝ። «ካርዱን እንዳይጥሉት» አለችኝ። ኪሴን መታ መታ አደረግሁላት። ቀጥላ በአንድ ጣቷ ቀኝ ክንዴን፣ ያንኑ የወጋችውን ቦታ ነካ አድርጋ «ይህንንም እስክመጣ ይጠብቁልኝ» አለች። ለመሳቅ ብላ ነው። ግን ፊቷ አልሳቀም። እኔም ዕቃ ሲሰጠኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ተቀበልኩ።

ከዚያ ሁላችንም ተበተንን። እኔ ግራና በምትባለው ከተማ በኩል ዘመድ ዘንድ ወጣሁ። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ኮቴ ገበር ውስጥ ሰፍቼው ነበር። ስንመለስ ጤና ጣቢያው መስኮትም ወንበርም ማቀዝቀዣም አልነበረውም። በሩም ተነቅሎ ተወስዷል። በር የሌለው በረኛ ሆኜ ስንት ወር እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። የሚገርመው፣ አጥሩ በየቦታው ተከፍቶ ሳለ ሰው አሁንም በእኔ በኩል ነበር የሚገባው። ልማድም ይታወሳል ማለት ነው።

ስለ ምሕረት የሚወራው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ አዲስ አበባ ናት ይላል፤ አንዱ መቀሌ ገቡ ይላል። ስልኳ አይጠራም። እዚሁ ቅርብ ሐራ ላይ ሐዲድ ተነጥፎ ያልመጣ ባቡር እንደሚጠበቀው፣ እኔም በየጠዋቱ ከወልድያ የሚመጣውን ሚኒባስ በር ሲከፈት እጠብቃለሁ። ነጋዴ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ትወርዳለች። በሩ ይዘጋል።

የኮሮና ክትባት በብዛት የመጣው እንዲህ ሳለሁ ነው። አሁን ጥፋቴን ልናገር፤ እንዴት እንደተሳሳትኩ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ስለ ጎረቤቴ ማሽላ ስሙኝ። ጎረቤቴ አንድ ክረምት ሲሪንቃ ግድም ባለ የእርሻ ምርምር መሞከሪያ ማሳ ላይ በቀን ሥራ ገብቶ ነበር። ከማሽላው መካከል አንድ መስመር ማዳበሪያ የሚባል ነገር አልነካውም፤ ከስቶ ቆሟል። ጎረቤቴ ሆደ ቡቡ ነው። የረሱት መስሎት ከሌላው ማዳበሪያ እፍኝ ዘግኖ አለበሰው። የማሳው ኃላፊ ሲደርስበት ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ያ መስመር ሆን ተብሎ ሳይነካ የተተወ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው። «የዓመት ልፋቴን በእፍኝህ አጠፋኸው» አለው። ይህን ወሬ እኛ ሰፈር የማያውቅ የለም።

እንግዲህ እኔ ክትባቱ በመጣ ጊዜ የታየኝ ያ መስመር ነው። ምሕረት የምትፈልገው በሽታው ራሱ ያስተማረው በረኛ እስከ መቼ እንደሚያስታውስ ነው። ክትባት ብወስድ ያልተነካው መስመር ላይ ማዳበሪያ መበተን አይሆንም? ተመልሳ መጥታ ክንዴን ስታስር «ተከትቤያለሁ» ብላት ራሷን ይዛ አትቀመጥም? ማንንም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ «ተከተብ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበርና።

ስለዚህ የሆንኩትን ስሙ። ጠዋት ሰልፉን የማሰልፈው እኔ ነኝ። የሚያመነታውን «ግባ፣ ምንም አይልህም፤ ለልጆችህ ስትል ግባ» እያልኩ የምገፋው እኔ ነኝ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ወይ ቧንቧ ተከፍቶ ይቀራል፣ ወይ አህያ በአጥሩ ትገባለች። ወር አልፎ ወር መጣ፤ ከታቢዎቹ ሄደው ተመልሰው መጡ። ጉንፋን በተነሳ ቁጥር ግን እጨነቃለሁ። በሚያስለኝ ጊዜ እጄን ንፍፊቴ ላይ አድርጌ ያንን የውስጡን ሰው «እንዴት ነህ፣ ታስታውሰዋለህ?» እለዋለሁ። በረኛ ብዙ አያወራም።

ዘሃራ ደረሰችብኝ።

«ሰውን ወደ ወንዝ ትነዳለህ፤ አንተ ዳር ቆመሃል። ፈርተህ ነው?»

«አልፈራሁም።»

«ታዲያ?»

«የሰው አደራ አለብኝ።»

መጥረጊያዋን አጥሩ ላይ አስደገፈች። «ያችን ልጅ ትመጣለች ብለህ ነው?» አለች። የኮቴን ገበር ዳበስኩ። ቀሚሷ ውስጥ እጇን ሰድዳ የብር መያዣዋን አወጣችና ከውስጡ አንድ ነገር አሳየችኝ። ቁጥር ያለበት ካርድ ነው። ጫፉ ረጥቦ ደርቋል።

«እኔም አልጣልኩትም» አለች። «ክትባቱንም ወስጃለሁ። አንተ ሞተህ ካርድህ ብቻ ቢገኝ ምን ይሠራላታል?»

ነገሯ ሆዴ ገባ። ግን ሆዴ ገብቶም ዓመቱ አልፎ ወራት እስኪጨመሩበት አልተከተብኩም። ግትር አትበሉኝ። ከተከተብኩ እኮ አትመጣም ብዬ አመንኩ ማለት ነው።

ከዚያ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። የምሕረት ድምፅ «ጋሽ ይመር?» ሲለኝ የቆምኩበት ቦታ ተቀመጥኩ። የሰላምታ ብዛት በምናውቅበት አገር፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ካርዱ አለ» የሚል ሆነ።

እሷ ግን «የምን ካርድ?» አለች።

ረስታዋለች። አበው ያሉትን እዚህ ላይ መልሼ አልደግመውም። በዚያ ሁሉ ውስጥ ያለፈች ልጅ የአንድ ሽማግሌን ቁራጭ ወረቀት ብትረሳ ማን ይፈርድባታል? ስለ ስድስቱ ወር፣ ስለ ሁለተኛው ደም፣ ክንዴን ስለ መጠበቄ፣ ማዳበሪያ ስላልነካው መስመር እየተንተባተብኩ ነገርኳት። መሳቅ ጀመረች፤ ያው የድሮው ሳቅ። መሃል ላይ ሳቁ ተቆረጠና አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

«ለእኔ ብለው ነው እስካሁን ያልተከተቡት?»

«እስክመጣ ጠብቅ አላልሽም?»

«ጋሽ ይመር፣ ጥናቱ እኮ ያኔውኑ ቆመ። ሰዎቹም ተበተኑ። ለደሙ የሚመጣ ሰው የለም።» ቀጥላም «ነገውኑ ይከተቡ። ክትባቱ ትዝታውን አያጠፋውም። የጅቡን መልክ ደግሞ ያሳየዋል፤ የበለጠ ይነቃል።»

«አይበላሽም?»

«አይበላሽም።»

«እንግዲያው አትመጪም» አልኩ፤ ልጠይቃት ነበር፣ ቃሉ ግን እንዲህ ሆኖ ወጣ።

«ለደሙ አልመጣም» አለች። «ለአንቱ እመጣለሁ።» የት እንዳለች ጠየቅኳት። «ደህና ቦታ ነኝ» አለችኝ። እኔም ደህና ቦታ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። አባቷን ሰላም በይልኝ ስል መስመሩ ተቋረጠ።

በማግስቱ ተከተብኩ። ዘሃራ ከበሩ ላይ ቆማ አጅባኛለች፤ እንዳላመልጥ ነው። ነርሱ ክንድዎን ሲለኝ ግራውን ዘረጋሁ።

«ምነው ቀኙስ?» አለች ዘሃራ።

«ቀኙ ተይዟል» አልኳት።

አውቃለሁ፤ ደም ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ክንድ ለይቶ አይቀመጥም። ምሕረትም አይበላሽም ብላኛለች። የበር ጠባቂ ግን የዕቃው ባለቤት ራሱ መጥቶ እስኪወስድ ድረስ ዕቃውን ከቦታው አያነሳም። ካርዱም እስከ ዛሬ ኮቴ ገበር ውስጥ ነው።

በዚያ ቁጥር መልሼ ብዙ ጊዜ ደውያለሁ። አይነሳም። ድምጿን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ዐረፋ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ ከመነሳቴ ነበር፤ የወልድያው ሚኒባስ ሰው አውርዶ በሩን እየዘጋ ነበር። ዝናብ አልነበረም፣ አቧራም አልነበረም። ይችን ቀን አላምታታም።